ልጅዎ ራቅ ወዳለ ቦታ ሊወሰድ ሲል ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ሥራ አግኝቻለሁ፤ ልጁን ይዤ ልሄድ ነው።» ከፍቺ በኋላ ልጁ አብሮት ለማይኖር ወላጅ ይህ ዜና ያስደነግጣል። በዚያ ድንጋጤ ውስጥ የሚሠሩ ስህተቶች ልጅንና ወላጅን ለዓመታት ሊያራርቁ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ዝም ማለት ነው። በብዙ አገሮች ልጁን የሚያሳድገው ወላጅ ከመሄዱ በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ሌላው ወላጅም መቃወም የሚችልበት ጊዜ የተወሰነ ነው። ልጁ አዲስ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ ጓደኛ አበጅቶ ከተላመደ በኋላ ዳኛ እንደገና ሊነቅለው ያመነታል። ለልጁ ሲባል ማመንታቱም ተገቢ ነው። ስለዚህ ቀድመው ይናገሩ።

በይሉኝታ «እሺ፣ ምን ይደረግ» ማለትም ያው ነው። በስልክ የላኳት ያቺ መልእክት ነገ የፈቃድዎ ማስረጃ ሆና ልትቀርብ ትችላለች። ማሰቢያ ጊዜ ከፈለጉ «ገና አልተስማማሁም፤ እንነጋገር» ብለው ይጻፉ።

ጉዞው ወደ ውጭ አገር ከሆነ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የሄግ ስምምነት አለ ብለው የሚዘናጉ አሉ። ስምምነቱ ዕድሜው 16 ያልሞላ ልጅ ያለአግባብ ሲወሰድ ወደ መኖሪያ አገሩ እንዲመለስ ያስችላል። ግን ሁለቱም አገሮች አባል መሆን አለባቸው። አቤቱታው ሳይቀርብ አንድ ዓመት ካለፈም «ልጁ ተላምዷል» የሚል መከራከሪያ ይነሳል። ከሁሉም በላይ፣ ልጁን የመጎብኘት መብት ብቻ ያለው ወላጅ ጉብኝቱን እንዲያስከብሩለት እንጂ ልጁን እንዲመልሱለት መጠየቅ አይችልም። ስለ ልጁ በተሰጠው የፍርድ ቤት ውሳኔ ላይ «ያለ ሁለቱ ወላጆች ፈቃድ ከአገር አይወጣም» የሚል ካለ ግን ነገሩ ሊለወጥ ይችላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 እንዲህ ያለውን መብት እንደ አሳዳጊነት መብት ቆጥሮታል። ይህች መስመር ገና ከጅምሩ እንድትገባ ጠበቃዎን ይወትውቱ።

ቀለብ ማቋረጥስ? ንዴቱ ይገባኛል። ቀለቡ ግን የልጁ ነው። ዕዳው ይጠራቀማል፤ ዳኛው ፊት ሲቀርቡም ትዕዛዝ የጣሱት እርስዎ ሆነው ይገኛሉ።

የድሮውን ፕሮግራም እንዳለ ይዞ መቀጠልም አያዋጣም። በየሳምንቱ ቅዳሜና እሁድ በአውሮፕላን መመላለስ የሚሆን ነገር አይደለም፤ በትምህርት ቤት ዕረፍት ረዘም ላለ ጊዜ አብሮ መቆየት ይሻላል። ውሳኔው እንዲሻሻል ሲያመለክቱ «በሚመች ጊዜ ይገናኛሉ» የምትለውን ሐረግ አይቀበሉ። ለማን ነው የሚመቸው? ዝርዝሩ ይጻፍ። ትኬቱን ማን ይቆርጣል? በረራው ቢሰረዝስ? ልጁን ማን፣ የት ይረከባል? ፓስፖርቱ ማን ጋ ይቀመጣል? የቪዲዮ ጥሪውም ቀንና ሰዓት ይኑረው፤ ሰዓቱም ልጁ ባለበት አገር አቆጣጠር ይሁን። እርስዎ ከሥራ ሲወጡ እሱ ተኝቶ ሊሆን ይችላል።

ልጁን መልእክተኛ አያድርጉት። «ለእናትህ ንገራት» ወይም «ለአባትሽ በይው» ከስልኩ ይውጣ። የቤት ሥራውን አብረውት ይሥሩ፣ ተረት ያንብቡለት። ትንሽ ልጅ ከሆነ ቶሎ ይሰለቻል፤ አሥር ደቂቃ አውርቶ ወደ ጨዋታው ቢሮጥ አይቀየሙት።