የድሮ ቮልስ ወንበር ከማልበሳችሁ በፊት

የድሮ ቮልስ ያለው ሰው ውስጡን ላሳድስ ሲል መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ሌዘሩ ቀለም ነው። እኔ ሌዘሩ መጨረሻ ይምጣ ባይ ነኝ። የወንበሩ ሞላ ዝጎ፣ ወለሉ ውሃ እያቆረ አዲስ ልብስ ማልበስ ብር መበተን ነው።

ከባትሪው ጀምሩ። ቮልስ ላይ ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር፣ በቀኝ በኩል ነው ያለው። ንቀሉትና ወለሉን እዩ፤ አሲድ ፈስሶበት ከሆነ በቤኪንግ ሶዳና በውሃ እጠቡት፣ ሲደርቅ ዝገቱን ፍቃችሁ ፀረ ዝገት ቀለም ቀቡት። ከተበሳ መጀመሪያ በያጅ ይየው። ስትመልሱት ደግሞ መክደኛው መኖሩን አረጋግጡ። የወንበሩ ሞላ ብረት ስለሆነ ከባድ ሰው ሲቀመጥበት ወርዶ የባትሪውን ጫፍ ከነካ ብልጭ ይላል፣ ከላዩ ወንበሩ የተሞላበት ደረቅ ጭረት (እንደ ቃጫ ያለው ሙሌት) ደግሞ እሳት ለመያዝ ሰበብ ነው የሚፈልገው። መክደኛ ከሌላችሁ ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ ሻጮችን ጠይቁ፤ እስኪገኝ ወፍራም ጎማ ቆርጣችሁ አልብሱት።

አሁን ወንበሩ። ከመፍታታችሁ በፊት በየአቅጣጫው ፎቶ አንሱ። አሮጌውን ልብስ እንዳትጥሉት! ልካችሁ እሱ ነው። ስፌቱን በምላጭ ቀስ ብላችሁ ፍቱ፣ በእያንዳንዱ ቁራጭ ጀርባ ቁጥርና የፊት የኋላውን ጻፉ። የሹፌሩ ወንበር በበሩ በኩል ሰው ሲገባ ሲወጣ ስለሚፈትገው ልኩ ተበላሽቶ ይሆናል፤ የዚያን ቁራጭ ልክ ብዙ ካልተጎዳው ከጎኑ ወንበር ውሰዱ።

ሞላውን በሽቦ ብሩሽ ጠርጉና ቀለም ቀቡት፣ የተሰበረውን ለውጡ። ከዚያ የቡና ጆንያ ፈልጉ፣ የቃጫውን ማለቴ ነው፣ የፕላስቲክ ማዳበሪያ አይሆንም። ሁለት አጥፋችሁ ሞላው ላይ ወጥራችሁ ሰፉት። ይህን የሚዘል ባለሙያ አይቻለሁ፤ ሞላው ስፖንጁን ከሥር እየበላ መቀመጫው ቶሎ ይሰረጉዳል። ስፖንጅ ስትገዙ በጡጫ ተጫኑት፣ ወለሉ ከተሰማችሁ ተዉት።

ስፌት ላይ የጥጥ ክር አትጠቀሙ፣ ፀሐይ ይበጣጥሰዋል፤ ፖሊስተር ይሻላል። የስፌቱን እርምጃ ወደ 4 ሚሊ ሜትር አድርጉት። ከጠበበ ሌዘሩ እንደ ቴምብር ጠርዝ ተበሳስቶ በመስመሩ ይቀደዳል። በስፒልም አታያይዙት፣ ቀዳዳው አይጠፋም። የልብስ መቆንጠጫ ይበቃል።

የተሰፋውን ፀሐይ ላይ አስጡት፣ ሲለሰልስ አልብሱት። ከመሃል ወደ ዳር እየጎተታችሁ በፍሬሙ ጥርሶች ላይ አስይዙ፤ ጓንት አድርጉ፣ ጥርሶቹ ክፉ ናቸው። ለጌጥ ብሎ አልማዝ ቅርጽ ማሰፋት ፋሽን ሆኗል፣ ለኔ ቮልስ ላይ አያምርም፣ ግን መኪናው የናንተ ነው።

ኮርኒሱን፣ ማለትም የጣሪያውን የውስጥ ጨርቅ፣ ለባለሙያ ስጡ። መስታወቶች ይወጣሉ፣ ጨርቁ በሽቦ ቅስቶች ላይ ተወጥሮ ዳር ዳሩ በማስቲሽ ይለጠፋል፣ አንዴ ከተጨማደደ ማስተካከሉ አበሳ ነው። ብቻ ከወንበሩ በፊት ይሠራ።

የበሩ ሰሌዳ ከታች ካበጠ በመስኮቱ ጎማ ውሃ እየገባ ነው። አዲሱን ሰሌዳ በአሮጌው ልክ ቆርጣችሁ ከመግጠማችሁ በፊት በሩ ላይ ፕላስቲክ ለጥፉ፣ የታችኛውን ጫፍ ወደ በሩ ውስጥ አስገቡት፤ ውሃው ወደ ውስጥ ወርዶ በበሩ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል። ቀዳዳዎቹም በጭቃ እንዳልተደፈኑ እዩ።

ሞኬቱን በካርቶን ለክታችሁ ቁረጡ። ወንበሩን ስትመልሱ ሀዲዱን ግሪስ ቀቡት፣ ከዚያ ቆልፋችሁ በኃይል ወደፊትና ወደኋላ ግፉት። ከተንሸራተተ ሞተሩን አታስነሱ።