የአሜሪካን ልብ ወለድ በነገረ መለኮት ዓይን ስናነብ የምንሳሳታቸው ነገሮች

እየተገናኘን የአሜሪካ ልብ ወለድ የምናነብ ጥቂት ሰዎች አለን። አብዛኞቹ ነገረ መለኮት የሚማሩ ወጣቶች ናቸው። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ሲከራከሩም ደስ ይላሉ። ግን አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር እነዚያው ስህተቶች ይመለሳሉ። አንድ ጊዜ ልጻፋቸው ብዬ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ በየመጽሐፉ ክርስቶስን ማደን ነው። ገና ውይይቱ ሳይጀመር አንዱ እጁን ያወጣል። «ክርስቶስን የሚወክለው እሱ ነው!» በሄሚንግዌይ «ሽማግሌውና ባሕሩ» ውስጥ ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ መዳፉ ይቆስላል፤ የጀልባውን ምሰሶ ተሸክሞ ዳገት ይወጣል፤ ይወድቃል። በቃ፣ ተገኘ! እሺ፣ ከዚያስ? ምልክቱ መኖሩን ማንም አይክድም። ግን እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሽማግሌው ሃይማኖተኛ አይደለሁም ይላል። ወዲያው ደግሞ ዓሣውን ከያዝኩ አባታችን ሆይን እደግማለሁ፣ ማርያምንም ልሳለም እሄዳለሁ ብሎ ይሳላል። የሚወደውን ዓሣ መግደሉ ኃጢአት ይሆን ወይ እያለ ባሕር ላይ ብቻውን ከራሱ ጋር ይሟገታል። ነገረ መለኮት የሚማር ሰው ሊያወራበት የሚገባው ይሄ ነበር። ስም ለጥፈን ስናበቃ ሁሉንም ዘለልነው።

የስታይንቤክ ጂም ኬሲ ደግሞ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 በወጣው የስደተኛ ገበሬዎች ታሪክ ውስጥ ያለው ሰባኪ ማለቴ ነው። የስሙ መነሻ ፊደላት በእንግሊዝኛ ከኢየሱስ ክርስቶስ ጋር ይገጥማሉ። ሲገድሉትም የምታደርጉትን አታውቁም ይላቸዋል። አንድ ተማሪ ይህንን ይዞ ረጅም ጽሑፍ አቀረበልኝ፤ ሲያነብልን ዓይኑ ያበራ ነበር። ግን ኬሲ ስብከቱን ትቶ የወጣ ሰው ነው። ሰው ሁሉ የአንድ ትልቅ ነፍስ ቁራጭ ይሆን እንዴ ብሎ የሚያስብ ነው። ይሄ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። መጽሐፉ ከቤተ ክርስቲያን ጋር ክርክር ገጥሟል፤ ተማሪው ግን ፊደል ሲቆጥር ክርክሩን ሳይሰማው ቀረ።

በፎክነር «ላይት ኢን ኦገስት» ውስጥ ያለውን ጆ ክሪስማስንም ተመልከቱ። የአባት ስሙ የገና በዓል ነው፣ ስለዚህ ሁሉም ይሮጥበታል። እኔ ግን የምለምናችሁ ሌላ ቦታ ላይ እንድትቆሙ ነው። ጆ የስምንት ዓመት ልጅ ሆኖ አሳዳጊው የሃይማኖት ትምህርቱን በቃል አላጠናህም ብሎ በጠፍር ይገርፈዋል። ሰዓት ጠብቆ እንደገና ይገርፈዋል። ልጁ አይበገርም። ቆይቶ ያው ሰውዬ ተንበርክኮ ይጸልያል። ጸጋን ያላወቀ ሃይማኖት አንድን ልጅ ምን ያደርገዋል? መልሱ በቀሪዎቹ ገጾች ሁሉ አለ።

ተመሳሳይነት ካገኛችሁ መልካም። ቀጥሎ የት ላይ እንደሚለያይ ጠይቁ።

ሁለተኛው፣ ደምና ስድብ ሲያዩ መጽሐፉን መክደን። ፍላነሪ ኦኮነር ላይ ይሄ ሁልጊዜ ይደርሳል። የአሜሪካዋ ጆርጂያ ሴት ናት፤ አጥባቂ ካቶሊክ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1964 በ39 ዓመቷ ሞተች። በጣም የታወቀው አጭር ልብ ወለዷ ውስጥ ለሽርሽር የወጣ ቤተሰብ በወንበዴዎች እጅ ያልቃል። «እንዴት ክርስቲያን እንዲህ ይጽፋል?» ብላ መጽሐፉን የመለሰችልኝ ልጅ አለች። አልፈረድኩባትም፣ ታሪኩ ያስደነግጣል። ግን መጨረሻ ላይ አያትየዋን ልብ በሉ። ሙሉ ዕድሜዋን ስለ ጨዋነቷና ስለ ዘሯ ስታስብ የኖረች ሴት ናት። ሞት ፊት ቆማ ገዳይዋን ልጄ ነህ ብላ እጇን ትዘረጋለች። እሱም ይተኩሳል። ደራሲዋ ራሷ የጸጋው ቅጽበት ያ ነው ብላለች። ኦኮነር ዘንድ ጸጋ ተደላድሎ በተቀመጠ ሰው ላይ ነው የሚወርደው፣ ስለዚህ ያማል። ደሙን ስትሸሹ ጸጋውንም አጣችሁት።

ሦስተኛው ተራኪውንና ደራሲውን አንድ ማድረግ ነው። ማሪሊን ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመችው «ጊልያድ» ውስጥ የሚተርከው ጆን ኤምስ የሚባል ሽማግሌ ፓስተር ነው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1956፣ ቦታው አዮዋ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ልቡ ታሟል፤ ሞቱን እየጠበቀ ለትንሽ ልጁ ይጽፋል። ደግ ሰው ነው። ስለ ውሃ፣ ስለ ብርሃን፣ ስለ ጥምቀት ሲጽፍ ልብ ይነካል። ስለዚህ ያለውን ሁሉ እሺ እያልን እንከተለዋለን። ታዲያ አንድ ቦታ ላይ፣ በከተማዋ የነበረውን የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን እሳት እንደነካው፣ ምእመናኑም ለቀው እንደሄዱ ይነግረናል። ትንሽ እሳት ነበር ብሎ ያልፈዋል፤ እኛም አብረነው እናልፋለን። የኤምስ አያት ግን ባርነትን በመሣሪያ ጭምር የታገለ ሰባኪ ነበር። ወደ መጨረሻው ላይ የኤምስ ጓደኛ ልጅ የሆነው ጃክ ጥቁር ሚስትና ልጅ እንዳለው ለኤምስ ይገልጽለታል። የመጣው እነሱን ይዞ እዚያ መኖር ይችል እንደሆነ ለማየት ነበር። ያቺ ትንሽ እሳት ያኔ ትንሽ አትሆንም። ፓስተሩ ያላየውን ደራሲዋ አይታለች።

እዚህ ላይ አንድ ወጣት «ይሄ የዘር ፖለቲካ ነው፣ ወደ ነገረ መለኮቱ እንመለስ» አለኝ። ኃጢአትን ከነገረ መለኮት ካወጣነው ምን ይቀረናል? የቶኒ ሞሪሰንን «ቢላቭድ» («የተወደደች» ማለት ነው) ስናነብም ያው ነገር ገጠመኝ። ቤቢ ሰግስ ከባርነት ያመለጡትን ሰዎች ጫካ ውስጥ ሰብስባ ሥጋችሁን ውደዱ፣ እጃችሁን ውደዱ ብላ ትሰብካለች። «ሥጋን መውደድማ ከጳውሎስ ትምህርት ጋር አይሄድም» ተባለ። እጃቸው በዋጋ የተሸጠ ሰዎች ናቸው እኮ የሚሰሟት! ሞሪሰን መጽሐፏን የከፈተችው ደግሞ ከራሱ ከጳውሎስ ነው፤ ሮሜ 9፥25፣ ያልተወደደችው የተወደደች ተብላ የምትጠራበትን ጥቅስ ይዛ። ሁለቱን ጎን ለጎን አንብቧቸው።

ነገረ መለኮትን ከሰባኪ አፍ ብቻ መጠበቅም ስህተት ነው። «ጊልያድ» ውስጥ ጃክ ለጥፋት ተወስነው የተወለዱ ሰዎች አሉ ወይ ብሎ ይጠይቃል። የጠየቀው ስለ ራሱ ነው። ሁለቱ ሽማግሌ ፓስተሮች፣ ኤምስና የጃክ አባት፣ ይጠነቀቃሉ፣ ነገሩን ያዞራሉ። እዚያ የተቀመጠችው ብዙም ያልተማረችው የኤምስ ሚስት ናት ሰው ሊለወጥ ይችላል ብላ የምትመልስለት።

ደራሲዎቹን ሁሉ «ክርስቲያን» ብላችሁ አንድ ላይ አትጠቅልሏቸው። ኦኮነር ካቶሊክ ሆና ስለ አሜሪካ ደቡብ ፕሮቴስታንቶች ትጽፋለች፤ ሮቢንሰን የ16ኛው ክፍለ ዘመን የፕሮቴስታንት መምህር የካልቪንን ትምህርት የምትወድ ናት።

ደራሲው አማኝ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ ደግሞ ከንባቡ በኋላ ይምጣ።

የጰንጠቆስጤ ልጆች ጄምስ ቦልድዊን እ.ኤ.አ. በ1953 ያወጣውን ልብ ወለድ በጣም ይወዱታል፣ እኔም ደስ ይለኛል። በኒው ዮርኩ ሃርለም ሰፈር ያለችውን ትንሽ ቤተ ክርስቲያን፣ የሌሊቱን ጸሎት፣ መሬት ላይ የወደቀውን ልጅ ጆንን ያውቁታል። ቦልድዊን ራሱ በልጅነቱ ሰብኳል። ነገር ግን እንደ ምስክርነት ቀን አንብበውት ሃሌሉያ ብለው ይዘጉታል። ጆን ሲነሳ አባቱን አይቶ ፈገግ ይላል፤ ሰባኪው አባቱ ግን ፈገግ አይልለትም። የልጁ መዳን የአባቱን ጭካኔ አላጠፋውም። ቦልድዊን ሁለቱንም አንድ ላይ እንድንይዝ ነው የሚፈልገው፤ በሃሌሉያው አንዱን አትጣሉ።

ማጠቃለያ ከኢንተርኔት አንብቦ ለውይይት መምጣት ስለሚባለው ነገር ብዙ አልልም፤ አታድርጉት። ረጅም መጽሐፍ የሚከብዳችሁ ከሆነ የኦኮነርን «ሪቬሌሽን» የተባለ አጭር ልብ ወለድ ያዙ፣ በአንድ ምሽት ያልቃል። ሚስስ ተርፒን በዘርና በሀብት ሰዎችን ደረጃ እያወጣች የምታድር ሴት ናት። ወደ መጨረሻው ወደ ሰማይ የሚሄደው ሰልፍ ሲታያት ማን ከፊት፣ ማን ከኋላ እንደሆነ ጽፋችሁ ኑ፤ ከዚያ ጀምረን እናወራለን።