ለዓሣ ጫጩቶች ከካልሲየም በፊት ፎስፈረስ

የዓሣ ጫጩቶችን መኖ ራሳችሁ የምታዘጋጁ ከሆነ፣ ማዕድን ሲባል ወደ ካልሲየም ብቻ አትሩጡ። ዓሣ ካልሲየምን በስንጥቡ (በመተንፈሻው) በኩል ከውሃው ይስባል፤ ፎስፈረስን ግን በዋናነት የሚያገኘው ከመኖው ነው። በአኩሪ አተርና በፉርሽካ የተሠራ መኖ እዚህ ላይ ያታልላል፤ ፎስፈረሱ አለ፣ ነገር ግን አብዛኛው ፋይቴት በሚባል የዕፅዋት ውህድ ታስሮ ሳይፈጭ ይወጣል። ይኸው ፋይቴት ዚንክንም ይዞ ያስቀራል።

ስለዚህ ሞኖካልሲየም ፎስፌት የሚባለውን የፎስፈረስ ዱቄት ጨምሩ። ካርፕ የሚባለው ጨጓራ የሌለው ዓሣ ሌላውን ዓይነት፣ ዳይካልሲየም ፎስፌትን፣ በሚገባ አይጠቀምበትም። ዱቄቱን በመጀመሪያ ከጥቂት መኖ ጋር አሹት፣ ከዚያ ከቀረው ጋር ቀላቅሉት፤ አለበለዚያ አንዱ ጫጩት ጠግቦ ሌላው ይጎድልበታል። አከርካሪያቸው የተጣመመ ጫጩቶች ከበዙ፣ ከቫይታሚን ሲ ጋር ፎስፈረሱንም መርምሩ። ከልክ አታሳልፉ፤ ትርፉ ውሃው ውስጥ ገብቶ አልጌ ያፈላል።