ክረምቱ ሳይገባ ጣሪያችሁን አንዴ እዩት

ሐዋሳ ያላችሁ፣ ሰኔ ሳይገባ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ለብርሃን ብለን ቆርቆሮው መሃል የምናስገባት ግልጽ ፋይበር አለች አይደል? አምና ጠዋት ጠዋት አልጋዬ ላይ ጠብ ጠብ ሲልብኝ ያፈሳል ብዬ ሁለቴ ሲሊኮን አስቀባሁ፣ ለካስ ዝናብ ባልጣለበት ሌሊትም ይንጠባጠብ ኖሯል። የቤቱ እንፋሎት ወጥቶ ቀዝቃዛው ፋይበር ላይ ውሃ እየሆነ ነው። ከፋይበሩ ስር ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ትታችሁ ወፍራም ግልጽ ላስቲክ በእንጨት ፍሬም ወጥሩ፣ ዳር ዳሩን ድፍን አድርጋችሁ ዝጉት፣ መሃል የቀረው አየር ብርዱን ይመክትላችኋል። ኮርኒሱ ላይ ፎም ብትደረድሩም አሪፍ ነው። የኤሌክትሪክ ገመድ ያለበትን ግን ዝለሉት፣ ፎም እሳት ይወዳል። ጆንያማ አትሞክሩ፣ የኔን አይጥ ወልዳበታለች።