ስሙ ያልተጻፈበት ካክተስ ሲገጥማችሁ

ካክተስን ለመለየት ስንሞክር የምንሠራቸው ስህተቶች እነዚህ ናቸው። መጀመሪያ፣ እሾህ ያለውን ሁሉ ካክተስ ማለት። ሰው ፖት ታቅፎ ይመጣና «ይሄ የትኛው ካክተስ ነው?» ይለኛል። ሳየው ቁልቋል ነው! ስንቴ እንደገጠመኝ አልቆጥረውም። ቁልቋልም፣ አጥር የምናጥርበት ቅንጭብም ወገናቸው ዩፎርቢያ የሚባል ሌላ የተክል ወገን ነው። ካክተስ የአሜሪካ አህጉር ተክል ነው። ከዚያ ውጭ በተፈጥሮ የሚገኘው ሪፕሳሊስ ባኪፌራ ብቻ ነው። እሱም ዛፍ ላይ የሚንጠለጠል ቀጭን ነገር ስለሆነ ከቁልቋል ጋር አይምታታም። በለስ ግን ካክተስ ነው፤ የመጣው ከሜክሲኮ ነው። «የባሕር ቁልቋል» መባሉም ያለምክንያት አይደለም።

እባካችሁ እሾሁን ትታችሁ የእሾሁን መቀመጫ እዩ። ካክተስ ላይ ከእያንዳንዱ የእሾህ እቅፍ ሥር ጥጥ የመሰለች ትንሽ ትራስ አለች። አሪዮል ትባላለች። እሾሁም አበባውም የሚወጣው ከሷ ነው። ቁልቋል ይህቺ ትራስ የለችውም፤ እሾሁ አብዛኛውን ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ጠርዙ ላይ ይቆማል።

ቁልቋል ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያወጣልና፣ ወተት እንዳለው ለማየት ተክሉን መቁረጥ። እኔም አድርጌዋለሁ። ወተቱ ጣቴ ላይ እንዳለ ሳላስበው ዓይኔን አሸሁ። ሌሊቱን ሲያቃጥለኝ አደረ፤ ሁለት ቀን ሁሉም ነገር ጭጋግ ለብሶ ነበር የሚታየኝ። ደግሞ መቁረጡ አያስተማምንም፤ ካክተስ ሆነው ወተት ያላቸው ማሚላሪያዎች አሉ።

በአበባው መታለል። አናቱ ላይ ወረቀት የመሰለ ደማቅ አበባ ካለ ሥሩን ፈትሹ፤ በሙጫ የተለጠፈ ደረቅ አበባ ሊሆን ይችላል።

አረንጓዴ ግንድ ላይ የተቀመጠችውን ቀይ ኳስ አንድ ተክል አድርጎ ማየት። ሁለት ናቸው፣ አንዷ ተቆርጣ በሌላው ላይ ተጣብቃ ነው። ከላይ ያለችው ጂምኖካሊሲየም የምትባል ካክተስ አረንጓዴ ቀለም ስለሌላት ብቻዋን አትኖርም።

ጨለማ ቤት ውስጥ የቆየን ተክል በቅርጹ መፍረድ። ድቡልቡሉ ብርሃን ሲያጣ ይመዘዛል፣ ይቀጥናል።

ከሩቅ አንድ ፎቶ አንስቶ መላክ። የጠርዞቹን ብዛት ቁጠሩልኝ፣ አሪዮሏን በቅርብ አንሱልኝ፣ ጎኑ ላይ ማስመሪያ አድርጉ። ካበበ አበባውን ከጎን አንሱት። የአበባው ቱቦ ጸጉራም ከሆነ ኤኪኖፕሲስ የሚባለውን የካክተስ ወገን እጠረጥራለሁ። ጸጉርም እሾህም ሳይኖረው ለስላሳ ቅርፊት ብቻ ከለበሰ ወደ ጂምኖካሊሲየም አደላለሁ፤ ስሙም ራቁት እምቡጥ ማለት ነው። ከኤኪኖፕሲስ ብዙዎቹ ማታ ፈክተው በማግስቱ ስለሚጠወልጉ፣ እምቡጡ ማበጥ ሲጀምር ማታ ማታ እየወጣችሁ እዩት።