ያጌጠ ትልቅ የቁም ሰዓት ስታዩ ፊቱ አይሸውዳችሁ

የድሮ የእንግሊዝ የቁም ሰዓት፣ ያ ከሰው ቁመት የሚበልጠው፣ ሲያጋጥማችሁ ከጌጡ በፊት ሳጥኑን ከፍታችሁ ውስጡን እዩ። ሴኮንድ የሚመታው ፔንዱለም፣ ያ ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዘው ዘንግ፣ ወደ 1 ሜትር ይጠጋል፤ ሳጥኑ ቀጭንና ረጅም የሆነው ለሱና ለሚወርዱት ክብደቶች ሲባል ነው። ስለዚህ ጥሩ ሰዓት ላይ ቁመቱና ወርዱ አይጣሉም፣ ራሱም ለአንገቱ አይከብደውም።

አንዳንዱ በሩ ላይ ትንሽ ክብ መስታወት አለው። በሷ በኩል የፔንዱለሙ ክብ ናስ ሲያልፍ መታየት አለበት። ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ሞተሩ፣ ማለትም ሰዓቱን የሚያስኬደው የጥርሶች ስብስብ፣ ከሌላ ሳጥን የመጣ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ የተቀመጠበት ጣውላ ሥር አዲስ ቁራጭ እንጨት ከተደረበም ጠርጥሩ፤ እንዲህ የተዳቀለ ሰዓት ዋጋው በጣም ይወርዳል።

አበባና ወፍ በተለያየ እንጨት ተሰክቶ የተሠራበት ከሆነ ደግሞ ጠጋ ብላችሁ ቅጠሉን እዩት። ጎበዝ ባለሙያ ስሷን እንጨት በጋለ አሸዋ ጫፏን ለብለብ አድርጎ ጥላ ይሰጣታል፣ ቡናማው ቀስ እያለ ወደ ነጣ ያለው ይሄዳል፣ እኔ በበኩሌ እዚህ ጋ ነው ልቤ የሚቀረው! በቀለም የተቀባ ጥላ ግን ድርቅ ያለ ነው። የላዩ የእንጨት ልባስ በእጅ መጋዝ የተሰነጠቀ ከሆነ ወፈር ይላል፣ ውፍረቱም እዚህም እዚያም ይለያያል፤ የማሽን ሥራ ግን ስስና እኩል ነው።

እግሩ ቢቀየር ብዙ አትጨነቁ፣ እርጥብ ወለል ብዙዎቹን አበስብሷቸዋል።