የሕዝበ ውሳኔን ጥያቄ «አዎ» ወይም «አይ» ከማለትዎ በፊት እንዴት ማንበብ ይቻላል

አሜሪካ ውስጥ የድምፅ መስጫ ወረቀቱን ሲገለብጡ፣ የዕጩ ስም የሌለበት ድፍን ያለ አንቀጽ ያጋጥምዎታል። መራጩ ራሱ ሕግ የሚያወጣበት ወይም የሚሽርበት ጥያቄ ነው። ግብርን የሚመለከተው ቶሎ ይገባል። ከባዱ የምርጫውን አሠራር የሚነካው ነው፦ ዕጩዎችን በቅደም ተከተል መምረጥ (አንደኛ፣ ሁለተኛ እያሉ ደረጃ መስጠት)፣ የምርጫ ክልል ካርታ፣ በፓርቲ ያልተመዘገበ ሰው ፕራይመሪ (ፓርቲዎች ዕጩ የሚለዩበት ቅድመ ምርጫ) ላይ ይግባ አይግባ የሚለው። ለአንድ ጥያቄ ግማሽ ሰዓት ይመድቡ፤ ወረፋ ላይ ቆመው የሚነበብ አይደለም።

1. ናሙናውን ቀድመው ያውጡ

የካውንቲዎ ወይም የከተማዎ ምርጫ ጽሕፈት ቤት ድረ ገጽ ላይ አድራሻዎን ሲያስገቡ የእርስዎ ናሙና ወረቀት ይወጣል። የጥያቄውን ቁጥር ከነዓመቱ ይጻፉ። ኦሃዮ በኦገስት 2023፣ በኖቬምበር 2023 እና በኖቬምበር 2024 (እ.ኤ.አ.) ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን «ኢሹ 1» ብላ አቅርባለች፤ ቁጥሩን ብቻ ይዞ የፈለገ ሰው የሌላውን ማብራሪያ አንብቦ ሊመጣ ይችላል።

2. «አዎ» ዛሬ ካለው ሕግ ምኑን ይለውጣል?

መልሱን በራስዎ ቃል፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። መጻፍ ካቃተዎት ገና አልገባዎትም ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጥፋቱም ሁልጊዜ የአንባቢው አይደለም።

የ2024ቱ የኦሃዮ ጥያቄ የምርጫ ክልል ካርታ የመቁረጡን ሥራ ከፖለቲከኞች ወስዶ 15 አባላት ላሉት የዜጎች ኮሚሽን የሚሰጥ ነበር። ደጋፊዎቹ ዓላማው ካርታን ለአንድ ፓርቲ አድልቶ መቁረጥን ማስቀረት ነው አሉ። ወረቀቱ ላይ የወጣው ጽሑፍ ግን ኮሚሽኑ አድልቶ እንዲቆርጥ «ይገደዳል» ይል ነበር፤ የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ቃሉ እንዲቆይ ፈቀደ። ጥያቄው ወደቀ። ስለዚህ አጭሩን ጽሑፍ አይመኑ፤ ሙሉውን የሕግ ረቂቅ ይፈልጉ።

ሁለተኛው ወጥመድ ማር መቀባት ነው። በዚያው ዓመት የሚዙሪ «አሜንድመንት 7» የሚጀምረው ዜጋ ያልሆነ ሰው እንዳይመርጥ በመከልከል ነበር፤ ይህ ቀድሞውንም የተከለከለ ነው። ከሥር ግን በቅደም ተከተል መምረጥንም ያግዳል። መራጮቹም አጸደቁት። አንድ ጥያቄ ውስጥ ስንት ነገር እንዳለ ይቁጠሩ፤ ዋናው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ላይ የተጻፈው አይደለም።

ሦስተኛው፣ ምክር ቤት ያወጣውን ሕግ ለመሻር የሚቀርብ ጥያቄ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ «አዎ» ካሉ ሕጉ ይጸናል፤ ሜን ውስጥ ግን «አዎ» ካሉ ሕጉ ይሻራል።

3. ለማለፍ ስንት ያስፈልገዋል፣ ካለፈስ በኋላ?

ሕገ መንግሥት ለማሻሻል ፍሎሪዳ 60 በመቶ ትጠይቃለች። ኮሎራዶ አዲስ ነገር ለመጨመር 55 በመቶ ትላለች። ኔቫዳ በሕዝብ ፊርማ የመጣ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሁለት ተከታታይ ጠቅላላ ምርጫዎችን እንዲያልፍ ታስገድዳለች፤ ለዚህ ነው በቅደም ተከተል መምረጥን የያዘው «ጥያቄ 3» በ2022 አልፎ በ2024 የወደቀው። ሚኒሶታ ያላችሁ ደግሞ ይህን ያዙ፦ የሕገ መንግሥት ማሻሻያውን ባዶ መተው «አይ» እንደማለት ይቆጠራል።

ማለፍ ብቻውንም ሁሌ አይበቃም። ዋሽንግተን ዲሲ ላይ በቅደም ተከተል መምረጥንና ክፍት ፕራይመሪን የያዘው «ኢኒሺዬቲቭ 83» በ2024 በሰፊ ብልጫ ጸደቀ፤ ተግባራዊ የሚሆነው ግን የከተማዋ ምክር ቤት በጀት ሲመድብለት ነው። በ2025 ምክር ቤቱ በቅደም ተከተል ለመምረጡ ገንዘብ ሲመድብ፣ ፕራይመሪን በፓርቲ ላልተመዘገቡ ለመክፈቱ አልመደበም። ረቂቁ ውስጥ በጀትን የሚመለከት አንቀጽ ካለ ፈልገው ያንብቡ።

4. የሁለቱንም ወገን ክርክር ያንብቡ

በፖስታ የሚላከው ይፋዊ መመሪያ (የኮሎራዶው «ብሉ ቡክ» ጥሩ ነው) የወጪ ግምትና የደጋፊና የተቃዋሚ ክርክር ይዟል። ከቴሌቪዥን ማስታወቂያ ይልቅ እሱ ይበቃል።

5. ሲሞሉ

አንዳንድ ጥያቄ ሁለት ክፍል አለው። ሲያትል በ2022 ምርጫ፣ በመጀመሪያ «የምርጫው አሠራር ይቀየር ወይ?» ብላ፣ ቀጥላ «ከቀረቡት ሁለት አዳዲስ አሠራሮች የትኛው ይሁን?» ብላ ጠየቀች። ለመጀመሪያው «አይ» ያለ ሰውም ሁለተኛውን መመለስ ይችል ነበር። ባዶ የተወው ግን፣ ለውጡ ሲያልፍ፣ የትኛው እንደሚሆን ሌሎች ወሰኑለት።

ክቡን ሙሉ በሙሉ ያጥቁሩ። ከተሳሳቱ አይሰርዙ፤ አዲስ ወረቀት ይጠይቁ። በፖስታ ከሆነ ፖስታው ላይ የሚፈርሙት ሲመዘገቡ ከፈረሙት ጋር ይመሳሰል። እንግሊዝኛ ማንበብ የሚያቅታቸው ወላጅ ካሉዎት፣ የፌዴራል ሕግ የመረጡትን ረዳት ይዘው እንዲገቡ ይፈቅድላቸዋል፤ አሠሪያቸው፣ የአሠሪያቸው ወኪል ወይም የሠራተኛ ማኅበራቸው ኃላፊ ግን ረዳት ሊሆን አይችልም። የረዳቱ ሥራ ማንበብና የተባለውን ምልክት ማድረግ ነው፤ «እማዬ፣ ይሄ ይሻላል» ማለት አይደለም።